ኮምፒውተር ሲሞላ፦ ፎቷችሁን ሳትነኩ ቦታ የምታስለቅቁበት መመሪያ

የአክስቴ ልጅ አንድ ማታ ደወለችልኝ። ስታለቅስ እንደቆየች ድምጿ ያስታውቃል። በማግስቱ የምታስረክበውን የመመረቂያ ጽሑፍ ሴቭ ላድርግ ስትል ላፕቶፑ «ቦታ የለም» ብሎ እምቢ አላት። ቸኮለች። የፎቶ ፎልደሯን ከፈተች፣ የአራት ዓመት ፎቶዎቿን ሰረዘች፣ ሪሳይክል ቢኑንም ባዶ አደረገችው። 6 ጊጋ አገኘች። ጽሑፏን ሴቭ አደረገች። ምን እንዳደረገች የገባት ከዚያ በኋላ ነው።

በነጋታው ላፕቶፑን አብረን ከፈትነው። 23 ጊጋ የድሮ ዊንዶውስ፣ 31 ጊጋ የቴሌግራም ኮተት፣ 6 ጊጋ ገደማ ደግሞ ጭራሽ የማትጠቀምበት የሃይበርኔሽን ፋይል ተቀምጦ አገኘን። በድምሩ 60 ጊጋ ነው። ቢጠፋ ማንም የማያለቅስለት 60 ጊጋ። ፎቶዎቹ ግን የውሃ ሽታ ሆኑ። ልንመልሳቸው ሞከርን፤ አልሆነም።

ሰው ሲጨነቅ የሚሰርዘው በዓይኑ የሚያየውን ነው። የሚያየው ደግሞ የራሱን ነገር ነው፦ ፎቶውን፣ ሰነዱን፣ የልጁን ቪዲዮ። ዲስኩን የሞላው ነገር ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ቦታ ተደብቆ ነው ያለው። ስለዚህ መጀመሪያ ለኩ። መሰረዝ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ከታች ያለው ሁሉ በዚህ ቅደም ተከተል ነው የተጻፈው። አብዛኛው ስለ ዊንዶውስ 10 እና 11 ነው፤ ማክና ሊኑክስ ለምትጠቀሙ መጨረሻ አካባቢ አጠር አድርጌ ጽፌያለሁ። የሜኑ ስሞችን ስክሪናችሁ ላይ በምታዩት የእንግሊዝኛ አጠራር ነው ያስቀመጥኳቸው።

ከመጀመራችሁ በፊት

አሁኑኑ ሴቭ የምታደርጉት ነገር ካለና ዲስኩ ሙሉ ከሆነ፣ ፋይሉን ፍላሽ ላይ ሴቭ አድርጉት። ወይም ለራሳችሁ በኢሜይል ላኩት። መጀመሪያ ሥራችሁ ይዳን። ማጽዳቱን ረጋ ብላችሁ ትደርሱበታላችሁ።

አንድ የሚያምታታ ነገር ላጥራ። ብዙ ሰው «ሚሞሪ ሞላብኝ» ይላል። ራም ሌላ፣ ዲስክ ሌላ ነው። ራም ኮምፒውተሩ ሲሠራ ብቻ የሚይዘው ጊዜያዊ ማስቀመጫ ነው፤ ሲጠፋ ባዶ ይሆናል። እዚህ የምናወራው ፋይል ስለሚቀመጥበት ዲስክ ነው። ፎቶ ስለሰረዛችሁ ራም አይጨምርም።

ሌላም አለ። 256 ጊጋ ተብሎ የተገዛው ዲስክ ዊንዶውስ ላይ 238 ጊጋ ሆኖ ይታያል። የሰረቃችሁ ሰው የለም። አምራቾች ጊጋን አንድ ቢሊዮን ባይት ብለው ይቆጥራሉ። ዊንዶውስ ደግሞ 1,073,741,824 ባይት ብሎ ይቆጥራል። ባይቱ ያው ነው፤ የሚለያየው መስፈሪያው ነው። በዚሁ ስሌት 500 ጊጋ የተባለው 465፣ አንድ ቴራ የተባለው 931 ጊጋ ሆኖ ይመጣል።

አሁን «ዊንዶውስ» የሚለውን ቁልፍና «ኢ»ን አንድ ላይ ጫኑ። «ዚስ ፒሲ» የሚለውን ክፈቱ። የ«ሲ» ድራይቭ መስመር ቀይ ከሆነ የቀረው ባዶ ቦታ ከ10 በመቶ በታች ነው ማለት ነው። የቀረውን ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፉት። ከእያንዳንዱ ደረጃ በኋላ ተመልሳችሁ እያያችሁ፣ የትኛው ሥራ ስንት ጊጋ እንዳስገኘ አስተያዩ። እኔ ከ15 እስከ 20 በመቶ ባዶ ሆኖ ቢቆይ እመርጣለሁ። አፕዴት ሲመጣ ዊንዶውስ ፋይሎቹን የሚዘረጋበት ቦታ ይፈልጋል። ኤስኤስዲም (የሚሽከረከር አካል የሌለው አዲሱ የዲስክ ዓይነት) ውስጡን የሚያደላድልበት ባዶ ቦታ ሲያጣ ይንቀራፈፋል።

ዲስኩን ማን እንደሞላው እዩ

በጣም ልትጠነቀቁበት የሚገባው ደረጃ ይኼ ነው። ብዙ ሰው ግን ይዘለዋል።

«ዊንዶውስ» ቁልፍና «አይ»ን ጫኑ። ሴቲንግስ ይከፈታል። «ሲስተም»፣ ቀጥሎ «ስቶሬጅ» ግቡ። ትንሽ ታገሱት፤ እየቆጠረ ነው። ከዚያ በየዓይነቱ ከፍሎ ያሳያችኋል፦ አፕሊኬሽኖች ይህን ያህል፣ ጊዜያዊ ፋይሎች ይህን ያህል፣ ሰነድ ይህን ያህል። «ሾው ሞር ካቴጎሪስ» የሚለውን ስትጫኑ የተቀረው ይወጣል።

ይኼ ጥሩ መነሻ ነው፤ ግን አይበቃም። «አዘር» በሚል ስም 70 ጊጋ ሊያሳያችሁ ይችላል፤ ውስጡ ምን እንዳለ ግን በደንብ አይነግራችሁም። ፋይል ኤክስፕሎረርም አይረዳም፤ የፋይልን መጠን እንጂ የፎልደርን መጠን በዝርዝሩ ላይ አያሳይምና። ስለዚህ አንድ ትንሽ ፕሮግራም ያስፈልጋችኋል። ሁለት እጠቁማችኋለሁ፤ ሁለቱም በነጻ ይወርዳሉ። አንዱ ዊንዲርስታት ነው፤ ብዙ ዓመት የሠራ፣ የታመነ ነው። ሌላው ዊዝትሪ ነው። እኔ ዊዝትሪን ነው የምጠቀመው፤ ፍጥነቱ ሌላ ነው። ፎልደሮቹን አንድ በአንድ እየከፈተ አይቆጥርም። ዊንዶውስ ራሱ የያዘውን የፋይሎች ዋና መዝገብ በቀጥታ ያነባል። ሌላው ደቂቃዎች የሚፈጅበትን እሱ በሰከንዶች ይጨርሰዋል። ከየትም አታውርዱት፤ ከሠሪዎቹ ድረ ገጽ ብቻ።

ስትከፍቱት «ሲ» ድራይቭን ምረጡና ስካን በሉት። በአንድ በኩል የፎልደሮች ዝርዝር ከትልቅ ወደ ትንሽ ተሰልፎ ይወጣል። ከታች ደግሞ ባለቀለም ሳጥኖች ይታያሉ። ትልቅ ሳጥን ትልቅ ፋይል ነው። በአንድ እይታ ዲስኩ ውስጥ ምን እንደተኛ ታያላችሁ።

ዝርዝሩን ከላይ ወደ ታች ውረዱ። «ዩዘርስ» የሚለውን ክፈቱ፣ ቀጥሎ በእናንተ ስም ያለውን ፎልደር። እዚያ ውስጥ «አፕዳታ» የሚባል አለ። በተለመደው ፋይል ኤክስፕሎረር ተደብቆ የማይታየው እሱ ነው። ፕሮግራሞች ካሽ፣ ማለትም በፍጥነት ለመክፈት ብለው ለጊዜው የሚያስቀምጡትን ቅጂ፣ የሚያጠራቅሙት እዚያ ነው። የአክስቴን ልጅ ላፕቶፕ በዊዝትሪ ስንከፍተው የሳጥኖቹን ሩብ የያዘው ይህ ፎልደር ነበር። እሷ እንዲህ የሚባል ነገር መኖሩን እንኳ አታውቅም ነበር።

አሁን ምንም አትሰርዙ። ከትልቁ ጀምራችሁ አስሩን ብቻ ጻፉ። ቦታ የሚፈጀው ሺህ ትናንሽ ፋይል ሳይሆን አምስት ስድስት ትልልቅ ነገር ነው። አንድ የወርድ ሰነድ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሜጋ አያልፍም። ስልክ በፎርኬ የቀረጸው የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ግን ከ100 ሜጋ በላይ ይወስዳል። ሰነድ እየለቀማችሁ ስትሰርዙ ብትውሉ ምንም ያህል አታተርፉም።

ዊንዶውስ ራሱ ያጠራቀመው

ከማንም ሕይወት ምንም የማይቀንሰውን በማጥፋት እንጀምር። ወደ «ስቶሬጅ» ተመለሱና «ቴምፖራሪ ፋይልስ» የሚለውን ክፈቱ። የሚመረጡ ነገሮች ዝርዝር ይመጣል።

እዚህ ጋ ቁሙ። «ዳውንሎድስ» የሚል በዝርዝሩ ውስጥ አለ። ስሙ «ጊዜያዊ ፋይሎች» የሚል ገጽ ውስጥ ይግባ እንጂ፣ ከኢንተርኔት ያወረዳችሁትን ሁሉ የያዘ የራሳችሁ ፎልደር ነው። ብዙ ሰው ሰርተፍኬቱን፣ ደረሰኙን፣ ከሥራ የተላከለትን ሰነድ የሚያስቀምጠው እዚያ ነው። ሳጥኑ ላይ ምልክት እንደሌለ አረጋግጡ። ሁሉንም ምረጥ ብላችሁ አትለፉ። «ሪሳይክል ቢን»ንም መጀመሪያ ከፍታችሁ እዩት። በስህተት የሰረዛችሁት ነገር ሊኖር ይችላል።

የተቀሩትን ያለ ስጋት መምረጥ ትችላላችሁ። የዊንዶውስ አፕዴት ትርፍራፊ፣ የዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን ፋይሎች፣ ተምኔይሎች፣ ጊዜያዊ ፋይሎች። ተምኔይል ማለት ፎቶ ስትከፍቱ ቀድሞ የሚታየው ትንሽ ምስል ነው፤ ዋናው ፎቶ አይነካም፤ ትንሹም ሲያስፈልግ እንደገና ይሠራል።

ትልቁ ሲሳይ «ፕሪቪየስ ዊንዶውስ ኢንስታሌሽን» የሚለው ነው። ዊንዶውስ ወደ አዲስ ቨርዥን ሲያድግ አሮጌውን አይጥለውም፤ ምናልባት መመለስ ብትፈልጉ ብሎ ያስቀምጠዋል። ብዙውን ጊዜ ከ10 ቀን በኋላ ራሱ ያጠፋዋል። አንዳንዴ ግን ሳይጠፋ ይቀራል፤ የአክስቴ ልጅ ጋ እንደዚያ ነበር የሆነው። አዲሱ ዊንዶውስ ደህና እየሠራ ከሆነ አጥፉት። ከዚያ በኋላ ወደ አሮጌው መመለስ እንደማይቻል ብቻ እወቁ።

በዚህ መንገድ የማይወጣ ነገር ካለ ዲስክ ክሊንአፕን ሞክሩ። ከዊንዶውስ 98 ጀምሮ ያለ መሣሪያ ነው። «ስታርት» ላይ ስሙን ጽፋችሁ ፈልጉት፣ «ሲ»ን ምረጡ፣ ከዚያ «ክሊን አፕ ሲስተም ፋይልስ» የሚለውን ቁልፍ ጫኑ። ይህን ቁልፍ ካልጫናችሁ የሚያሳያችሁ ጥቃቅኑን ብቻ ነው። ሥራው ሊረዝም ስለሚችል ላፕቶፑን ቻርጅ ላይ ሰክታችሁ ተዉት።

ቀጥሎ ሃይበርኔሽን። ላፕቶፕ «ሃይበርኔት» ሲያደርግ ራም ላይ ያለውን ሁሉ ዲስክ ላይ ገልብጦ ይጠፋል። ለዚህ ብሎ አስቀድሞ ቦታ ይይዛል፤ በተለመደው አሠራር የራሙን 40 በመቶ ያህል። 16 ጊጋ ራም ካላችሁ 6.4 ጊጋ ማለት ነው። 32 ከሆነ ወደ 13 ጊጋ ይጠጋል። ዊዝትሪ ላይ «ሲ» ውስጥ በቀጥታ ተቀምጦ ታገኙታላችሁ። በእጅ ልትሰርዙት አትሞክሩ፤ ዊንዶውስ አይፈቅድም።

የምታጠፉት እንዲህ ነው። «ስታርት» ላይ ራይት ክሊክ አድርጉ። ዊንዶውስ 11 ላይ «ተርሚናል አድሚን»፣ 10 ላይ «ፓወርሼል አድሚን» ወይም «ኮማንድ ፕሮምፕት አድሚን» የሚለውን ክፈቱ። በእንግሊዝኛ ፊደል «ፓወርሲኤፍጂ» ብላችሁ ጻፉ፤ «ፓወር» የሚለው ቃልና «ሲ»፣ «ኤፍ»፣ «ጂ» ሳይለያዩ። አንድ ክፍት ቦታ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ የተጋደመ ስላሽና «ኤች»፣ እንደገና ክፍት ቦታ፣ መጨረሻ ላይ «ኦፍ»። ኢንተር ስትሉት ፋይሉ ወዲያው ይጠፋል። «ኦፍ»ን በ«ኦን» ብትተኩት ይመለሳል። የሚያስከፍለው ነገር አለ፦ «ፋስት ስታርትአፕ» የሚባለው በዚህ ፋይል ላይ ስለሚሠራ ኮምፒውተሩ ሲነሣ ትንሽ ሊዘገይ ይችላል። ላፕቶፑን ሃይበርኔት እያደረጋችሁ የምትጠቀሙ ከሆነ ግን ተዉት። እሱን ቦታ ሌላ ጋ ታገኙታላችሁ።

ሪስቶር ፖይንትም፣ ማለትም ዊንዶውስ ችግር ሲመጣ ወደ ቀድሞ ሁኔታው የሚመለስበት ቅጂ፣ ቦታ ይይዛል። «ስታርት» ላይ «ክሪኤት ኤ ሪስቶር ፖይንት» ብላችሁ ፈልጉ፣ «ሲ»ን ምረጡ፣ «ኮንፊገር» በሉ። ስንት እንደያዘ ይነግራችኋል። መያዣውን ወደ 5 በመቶ ዝቅ አድርጉት እንጂ ጨርሳችሁ አትዝጉት። አንድ ድራይቨር ቢበላሽ የምትመለሱበት መንገድ እሱ ነው።

ቴሌግራም፣ ብራውዘርና ሌሎቹ

የቴሌግራምን ነገር ረዘም አድርጌ የምጽፈው፣ ኮምፒውተር ላይ በብዛት የማገኘው ጉድ ስለሆነ ነው።

ቴሌግራም ኮምፒውተር ላይ ሁለት ቦታ ያጠራቅማል። አንደኛው ካሽ ነው። ያያችሁት ቪዲዮ፣ የከፈታችሁት ፎቶ፣ ያለፋችሁበት ስቲከር ሁሉ እዚያ ይቀመጣል። ሁለተኛው ዳውንሎድስ ውስጥ «ቴሌግራም ዴስክቶፕ» በሚል ስም ያለው ፎልደር ነው፤ ሴቭ ያደረጋችሁት ፋይል እዚያ ይገባል። ካሹን ብቻ አጽድተው «ምንም አልለወጠም» የሚሉ ሰዎች ሁለተኛውን ሳያዩት ቀርተው ነው። አንድ ፊልም ሁለቱም ጋ ተቀምጦ ሁለቴ ቦታ ሊበላ ይችላል።

ካሹን ለማጽዳት ቴሌግራምን ክፈቱ። ሴቲንግስ፣ «አድቫንስድ»፣ ከዚያ «ማኔጅ ሎካል ስቶሬጅ» ግቡ። በየዓይነቱ ስንት እንደያዘ ይታያል። «ክሊር ኦል» በሉት። አትፍሩ፤ መልእክቶቻችሁ አይጠፉም። በተለመደው ቻት የተላከው ሁሉ የቴሌግራም ሰርቨር ላይ አለ፤ ስትፈልጉት እንደገና ይወርዳል። እዚያው ገጽ ላይ ካሹ ከዚህ መጠን አይለፍ ብላችሁ ወሰን ማበጀት ትችላላችሁ። አብጁለት። ወሰኑ ዝቅ ካላለ ከሁለት ወር በኋላ እዚያው ናችሁ።

እዚያው «አድቫንስድ» ውስጥ «ኦቶማቲክ ሚዲያ ዳውንሎድ» የሚል አለ። ለግል ቻት፣ ለግሩፕና ለቻናል ለየብቻ ይስተካከላል። የግሩፕና የቻናሉን ዝጉት ወይም በጣም አሳንሱት። ሦስት ሺህ ሰው ያለበት ግሩፕ ውስጥ የተለጠፈ ሁሉ እናንተ ዲስክ ላይ የሚወርድበት ምክንያት የለም።

«ቴሌግራም ዴስክቶፕ» ፎልደሩን ግን በጅምላ አትሰርዙ። በመጠን ደርድሩት፦ «ቪው» ላይ «ዲቴይልስ» ምረጡ፣ «ሳይዝ» የሚለውን ጫኑ። ትልልቆቹ አናት ላይ ይመጣሉ። ያያችሁትን ፊልም አጥፉ። ታች ያሉትን ጥቃቅን ፒዲኤፎች ተዉ፤ ቦታም አይዙም፣ ምናልባትም የሚፈለግ ነገር አለባቸው።

ብራውዘር ቀላል ነው። ክሮም፣ ኤጅ ወይም ፋየርፎክስ ላይ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ዲሊትን አንድ ላይ ጫኑ። የሚመጣው ዝርዝር ላይ የካሽ ምስሎችና ፋይሎች የሚለውን ብቻ ምረጡ። ፓስወርድ የሚለውን አትንኩ። ኩኪስንም ብትተዉት ይሻላል፤ አለበለዚያ ከየገጹ ያስወጣችሁና ሁሉንም ፓስወርድ እንደ አዲስ ስታስገቡ ትውላላችሁ።

ቪዲዮ የምታቀናብሩ ከሆነ ደግሞ ፕሪሚየር ወይም ተመሳሳይ ፕሮግራም የሚሠራውን የሚዲያ ካሽ እዩ። ፕሮጀክቱ ካለቀ ከወራት በኋላም ተቀምጦ ታገኙታላችሁ። ፕሪሚየር ላይ በ«ፕሪፈረንስስ» ውስጥ «ሚዲያ ካሽ» ብሎ ራሱ ማጥፊያ አለው። አይፎን ኮምፒውተሩ ላይ ባካፕ ስታደርጉ ከነበረም ብዙ አስር ጊጋ የሚይዝ ባካፕ ሊኖር ይችላል። እሱን በእጅ ከመሰረዝ አይቱንስ ውስጥ ገብታችሁ የቆየውን ብቻ አጥፉ።

ፕሮግራም ማውጣት

ዴስክቶፕ ላይ ያለውን ምልክት መሰረዝ ፕሮግራሙን ማጥፋት አይደለም። ምልክቱ መጠቆሚያ ብቻ ነው። ዋናው ፕሮግራም የነበረበት ይቀመጣል፤ ቦታውም አይለቀቅም።

ሴቲንግስ፣ «አፕስ»፣ «ኢንስቶልድ አፕስ» ግቡ። ዊንዶውስ 10 ላይ «አፕስ ኤንድ ፊቸርስ» ይላል። በመጠን ደርድሩት። አብዛኛውን ጊዜ ከላይ የምታገኙት ጨዋታ ነው። ከስድስት ወር ወዲህ ያልከፈታችሁትን «አንኢንስቶል» በሉ። የማታውቁት ስም ካለ ግን ከመንካታችሁ በፊት ምን እንደሆነ ፈልጉ። አንዳንዱ የላፕቶፑ ድምፅ ወይም ስክሪን የሚሠራበት ነው።

ክላውድ ያለበት ወጥመድ

ዋንድራይቭ (ፋይላችሁን ክላውድ ላይ፣ ማለትም በኢንተርኔት በሚገኝ ሰርቨር ላይ የሚያስቀምጠው የማይክሮሶፍት አገልግሎት) የምትጠቀሙ ሰዎች ይህን በደንብ አንብቡ። ዋንድራይቭ ፎልደር ውስጥ ያለ ፋይል «ለማንኛውም ክላውድ ላይ አለ» ተብሎ ከሰረዛችሁት፣ ክላውድ ላይ ያለውም አብሮ ይሰረዛል። ሁለቱ አንድ ናቸው። ቅጂ አይደሉም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እዚህ ይደርሳል።

ትክክለኛው መንገድ ይኼ ነው። ፋይሉ ወይም ፎልደሩ ላይ ራይት ክሊክ አድርጉ፣ «ፍሪ አፕ ስፔስ» የሚለውን ምረጡ። አረንጓዴ የነበረው ምልክት ወደ ደመና ምስል ይለወጣል። ስሙ ኮምፒውተራችሁ ላይ ይታያል፤ ይዘቱ ግን ያለው ክላውድ ላይ ብቻ ነው። ስትከፍቱት ይወርዳል። ኢንተርኔት በሌለበት እንደማይከፈት አስታውሱ። ለጉዞ ወይም ለስብሰባ የምትፈልጉትን ቀድማችሁ አውርዱት።

ፎቶና ቪዲዮ ማውጣት

እስካሁን ያልነው ሁሉ የራሳችሁን ሥራ አልነካም። አሁንም ቦታ ካነሳችሁ ፎቶና ቪዲዮ ወደ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ማውጣት ይመጣል። ማውጣት እንጂ መሰረዝ አላልኩም።

«ካት» አትጠቀሙ። ኬብሉ መሃል ላይ ቢነቀል የትኛው ሄደ፣ የትኛው ቀረ የሚለውን መለየት ራስ ምታት ነው። ኮፒ አድርጉ። ሲያልቅ የሁለቱንም ፎልደሮች «ፕሮፐርቲስ» ክፈቱና የፋይል ብዛቱንና የባይት መጠኑን አስተያዩ። «4,812 ፋይል» ካለ ሌላውም 4,812 ማለት አለበት። ከዚያ ከተለያየ ቦታ አሥር ያህል ፎቶና ሁለት ቪዲዮ ከኤክስተርናሉ ላይ ክፈቱ። ቪዲዮውን መጨረሻው ድረስ ጎትታችሁ እዩ። በደንብ ከታየ ኤክስተርናሉን በ«ኢጀክት» አውጡ፣ እንደገና ሰኩት፣ አሁንም መኖሩን እዩ። ከኮምፒውተሩ የምትሰርዙት ያኔ ነው።

ይህን ያህል የምጨቀጭቃችሁ ምክንያት አለኝ። በድሮው ሃርድ ዲስክ ፋይል ሲሰረዝ ከመዝገብ ላይ ስሙ ይነሣል እንጂ ይዘቱ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ ይቆያል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ በመመለሻ ፕሮግራም ይገኛል። ኤስኤስዲ ግን እንደዚያ አይደለም። ፋይል ስትሰርዙ ዊንዶውስ «ትሪም» በሚባል ትእዛዝ «ይህ ቦታ አያስፈልግም» ብሎ ለዲስኩ ይነግረዋል፣ ዲስኩም በራሱ ጊዜ ይዘቱን ጠራርጎ ያጠፋዋል። የአክስቴ ልጅ ፎቶዎች ያልተመለሱት በዚህ ነው። ደግሞም የፎቶው ብቸኛ ቅጂ ኤክስተርናሉ ላይ ብቻ ከሆነ፣ አንድ ቀን ቢወድቅ ሁሉም አለቀ። ለማይተካው ነገር ሁለት ቦታ ይኑራችሁ።

ፍላሽ ላይ ስትገለብጡ «ፋይሉ በጣም ትልቅ ነው» ካላችሁና ፍላሹ ደግሞ 50 ጊጋ ባዶ ካለው፣ ችግሩ ፎርማቱ ነው። ፋት32 የሚባለው ፎርማት የአንድን ፋይል መጠን የሚመዘግበው በ32 ቢት ብቻ ስለሆነ 4 ጊጋ የሞላ ፋይል አይቀበልም። ፍላሹ ላይ ያለውን ሌላ ቦታ አስቀምጡና በኤክስፋት ፎርማት አድርጉት። ፎርማት ሲደረግ ያለው ሁሉ ይጠፋልና ይህን ቅደም ተከተል አታዛቡ።

ፎቶና ቪዲዮን ዚፕ አድርጎ ቦታ ለማግኘት መሞከር አያዋጣም። ጄፔግና ኤምፒፎር ቀድሞ የተጨመቁ ናቸው። አንድ ሰዓት ትጠብቁና መጠኑ ያው ሆኖ ታገኙታላችሁ።

የማይነካ

ዊዝትሪ ላይ ትልልቅ ሆነው የሚታዩ፣ ግን እጃችሁን የምትሰበስቡባቸው ነገሮች አሉ። «ዊንዶውስ» ፎልደር ውስጥ ያለውን ምንም በእጃችሁ አትሰርዙ። «ዊንኤስኤክስኤስ» የሚባለው ትልቅ ሆኖ ይታያል፤ ውስጡ ያሉት ብዙዎቹ ፋይሎች ግን ሌላ ቦታም የሚቆጠሩ ያው ፋይሎች ናቸው። የሚጸዳው እንደ ዲስክ ክሊንአፕ ባሉ የዊንዶውስ የራሱ መሣሪያዎች ነው። «ፔጅፋይል» የሚባለውም ራም ሲያጥር የሚያግዝ ስለሆነ ይቀመጥ።

«በአንድ ቁልፍ ኮምፒውተርህን አጽዳ» የሚሉ ፕሮግራሞችን አልመክርም። ዊንዶውስ በነጻ የሚያደርገውን ነው የሚያደርጉት። አንዳንዶቹ ደግሞ «ሬጂስትሪ (የዊንዶውስና የፕሮግራሞች ቅንብር መዝገብ) አጸዳለሁ» ብለው ሌላ ፕሮግራም ያበላሻሉ። ሬጂስትሪ ማጽዳት የሚያስገኘው ቦታ ከቁጥር አይገባም።

ማክና ሊኑክስ

ማክ ላይ የአፕል ምልክቱን ተጭናችሁ ሲስተም ሴቲንግስ፣ «ጄኔራል»፣ «ስቶሬጅ» ግቡ። ትልልቅ ፋይሎችን ለብቻ ያወጣላችኋል። ትራሹን ባዶ ማድረግ አትርሱ። የአይፎን ባካፕ ፋይንደር ውስጥ «ማኔጅ ባካፕስ» በሚለው ይታያል። «ሲስተም ዳታ» ብሎ ትልቅ ቁጥር ካሳየ ከፊሉ ታይም ማሽን ለጊዜው ያስቀመጠው ቅጂ ሊሆን ይችላል፤ ቦታ ሲጠብ ራሱ ይለቀዋል። ሊኑክስ ላይ ጂኖም የምትጠቀሙ ከሆነ «ዲስክ ዩሴጅ አናላይዘር» የሚለው የዊዝትሪን ሥራ ይሠራላችኋል።

እንዳይመለስ

ዊንዶውስ ላይ ወደ «ስቶሬጅ» ተመለሱና «ስቶሬጅ ሴንስ»ን አብሩት። እ.ኤ.አ. በ2017 የመጣ ነው፤ ጊዜያዊ ፋይሎችን በራሱ ያጸዳል። ከማብራታችሁ በፊት ግን ውስጡ ግቡና ሦስት ነገር እዩ። መቼ ይሥራ ለሚለው «በየወሩ» ምረጡ። ሪሳይክል ቢን 30 ቀን ላይ ይሁን፤ በስህተት የሰረዛችሁትን ለማስታወስ በቂ ጊዜ ነው። ዳውንሎድስ ለሚለው «ኔቨር» ይሁን።

ሁለተኛ ዲስክ ወይም «ዲ» ድራይቭ ካላችሁ ዳውንሎድስን እዚያ አዛውሩት። ፎልደሩ ላይ ራይት ክሊክ፣ «ፕሮፐርቲስ»፣ «ሎኬሽን»፣ «ሙቭ»። መጀመሪያ «ዲ» ላይ ዳውንሎድስ የሚባል አዲስ ፎልደር ፍጠሩና እሱን ምረጡ። ዲስኩን እንዳለ ከመረጣችሁ መመለሱ ያስቸግራል። ከዚህ በኋላ የምታወርዱት ሁሉ ሳታስቡት እዚያ ይገባል። ቴሌግራም ላይም «አድቫንስድ» ውስጥ የዳውንሎድ ፎልደሩን ወደ «ዲ» ማዞር ትችላላችሁ።

መጀመሪያ ወረቀት ላይ የጻፋችሁትን ቁጥር አሁን አውጡና «ዚስ ፒሲ» ላይ ካለው ጋር አስተያዩት። የአክስቴ ልጅ ላፕቶፕ ላይ 7 ጊጋ የነበረው 67 ሆነ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የምታነሣው ፎቶ ኤክስተርናል ላይም፣ ክላውድ ላይም አለ።